ሐዋሳ ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን ከነመኖሪያቸው ማቆየት፦ ከአጥሩ እስከ ችግኙ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ሐዋሳ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ችግኝ ይታደላል፣ የተተከለው ቁጥር ይነገራል። በሚቀጥለው መጋቢት ተመልሶ ስንቱ በሕይወት እንዳለ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ለችግኝ ቦታ ለማዘጋጀት ተብሎ ቁጥቋጦ ሲመነጠር አጋሙ፣ ክትክታውና ገና ጉልበት ያልደረሰው ወፍ ዘራሽ ወይራ አብሮ ይሄዳል። በራሱ የበቀለው ይቆረጥና በምትኩ ከሩቅ የመጣ ችግኝ ይተከላል።

ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ያለውን ማወቅ፣ ቀጥሎ መጠበቅ፣ ከዚያ ወራሪውን ማስወገድ ነው። መትከል የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም። መመሪያው ለግቢ ባለቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ቅጥር፣ ለዕድርና ለወጣቶች ማኅበር ይሆናል።

ከመነሳትዎ በፊት ስለ ቦታው

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ክረምቱ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለወጣት ተክል ፈተና ነው። የሜዳው አፈር አሸዋማ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ሐይቁ ደግሞ በመሬት ላይ የሚወጣ መፍሰሻ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝና በጎርፍ የገባው ደለልና ቆሻሻ የሚሄድበት ስለሌለ እዚያው ይቀራል። ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። የተራራ ልብስ ሲገፈፍ ውሃው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም።

ለሥራው የሚጠቅመው ቦታውን በሦስት ከፍሎ ማየት ነው፦ የሐይቁና የወንዙ ዳርቻ፣ የከተማው ሜዳ፣ እንደ ታቦርና አላሙራ ያሉት ደረቅ ተዳፋቶች። በአንዱ የሚያምርበት ተክል በሌላው ይሞታል።

1. ያለውን መመዝገብ

ደብተር ይዘው ቦታውን ሁለት ጊዜ ይዙሩት፤ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ። በክረምት ብቻ ብቅ የሚሉ ሣሮችና ቅጠላ ቅጠሎች አሉ፤ በበጋ ደግሞ ያለ ውሃ የሚቆመው የትኛው እንደሆነ ይለያል። ለእያንዳንዱ ተክል ያለበትን ቦታ፣ የሚገመት ቁመቱን፣ አበባ ወይም ፍሬ መያዙን፣ ከሥሩ ወይም ከአጠገቡ ወፍ ዘራሽ መኖሩን ይጻፉ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆሞ በዙሪያው አንድም ልጅ ከሌለው ቦታው ጤና የለውም፤ ፍየል እየነጨው፣ ከሣር ጋር እየታጨደ ወይም በየጠዋቱ በመጥረጊያ እየተጠረገ ነው።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። ሾላ፣ ባምባና ዋርካ ሲቀላቀሉ ይሰማል፤ ግራር የሚለውም የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አብረው የሲዳምኛውን ስም ቢጽፉ ስህተቱ ይቀንሳል፦ ዋንዛ ዋዲቾ፣ ብሳና ማሲንቾ፣ ዝግባ ዳጉቾ ይባላሉ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሲጠይቁ «ይህ ምን ይባላል?» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ «በልጅነትዎ እዚህ የነበረና አሁን የጠፋ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። የመልሶ ማልማቱ ዝርዝር የሚገኘው ከዚህኛው ጥያቄ ነው።

ማንም ሊለየው ያልቻለ ተክል ሲያጋጥም አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይቁረጡ። በጋዜጣ መካከል ዘርግተው በሁለት ጣውላ መካከል በድንጋይ ይጫኑት፤ እንዳይሻግት ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጡ። የደረቀውን ናሙና ከተገኘበት ቦታና ቀን ጋር ይዘው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ይሂዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም የዚህ ሥራ ዋና ቤት ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ይረዳል፤ ነገር ግን ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ቅርፊቱን፣ አበባውንና ፍሬውንም ያንሡ።

2. ከንክኪ ነጻ ማድረግ

ገንዘብ ያለው ብዙ ቡድን ይህን ደረጃ ዘሎ ችግኝ ይገዛል። እኔ ግን ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረኝ ለአጥር አደርገዋለሁ። የተራቆተ የሚመስል መሬት ባዶ አይደለም። አፈሩ ውስጥ ዘር አለ፤ ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶም ሥሩ ሕያው ነው። ከብትና መጥረቢያ ሲቆምለት ያቆጠቁጣል፤ ወፎችም ፍሬ በልተው ሲያርፉበት ዘር ይጥሉበታል። አንድ ወይም ሁለት ክረምት ሳይነኩት ቢጠብቁ ምን እንደሚነሣ ያያሉ፤ የሚተከለውም ያልተነሣው ብቻ ይሆናል።

አጥሩ ራሱ ከአገር በቀል ተክል ቢሆን ሁለት ሥራ ይሠራል። አጋም እሾሁ ፍየል ይመልሳል፣ ፍሬው ልጅና ወፍ ይመግባል። ኮርች በክረምት መግቢያ የክንድ ውፍረት ያለው ግንድ ተቆርጦ ሲተከል ሥር ያወጣል። ሰንሰል በቁራጭ ይይዛል፣ ቶሎም ጥቅጥቅ ይላል። ደረቅ ቦታ ላይ ቁልቋል ያስተማምናል፤ ወተቱ ግን ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት አይተክሉት።

የቀድሞ ተጠቃሚው ጉዳይ ካልተፈታ አጥሩ ሳምንት አይቆይም። እዚያ ቦታ ከብት ያሰማራ የነበረ፣ ጭራሮ ትለቅም የነበረች እናት አሉ። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት ከቀበሌው፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ጋር ቁጭ ብለው ደንብ ይጻፉ፦ ሣሩ በዓመት ስንት ጊዜ ይታጨዳል፣ ለማን ይደርሳል፣ የወደቀ ደረቅ እንጨት ማን ያነሣል፣ ከብት ቢገባ ቅጣቱ ስንት ነው። ሣር አጭዶ ለመኖ መውሰድ ይፈቀድ፤ ከብት ማስገባት ግን አይፈቀድ። ሲታጨድም ወፍ ዘራሹ እንዳይቆረጥ አስቀድሞ በአጠገቡ እንጨት ተክሎ ምልክት ማድረግ ይገባል። አጫጁ የሚያየው ሣሩን ነውና።

ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ሲነሣ ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትተው ሌላውን በስለታም መቁረጫ ያንሡ። የረገፈ ቅጠል አይጥረጉ፣ አያቃጥሉም፤ አሸዋማው አፈር እርጥበት የሚይዘው በሱ ነው። የቆመ ደረቅ ግንድ ሰው ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይተዉት፤ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል።

ትልልቆቹን ዛፎች በተለይ ይጠብቁ። አንድ አሮጌ ሾላ የሚያፈራውን ፍሬ አንድ ሺህ ችግኝ ለብዙ ዓመት አይተካውም። በሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል መናፈሻ የሄደ ሰው ጉሬዛና ጦጣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጋር እንዴት እንደተጣበቁ አይቷል። ሾላና ዋርካ ፍሬያቸው ዘር የሚይዘው በየዝርያው በምትለይ ጥቃቅን ተርብ ነው፤ ስለዚህ ዛፉ በአካባቢው ከጠፋ ተርቧም ትጠፋለች። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። በግቢዎ ያለውንም ቢሆን ከመቁረጥዎ በፊት ቀበሌውን ይጠይቁ።

3. ወራሪውን ማስወገድ

ሁለቱን ማወቅ ለጅምሩ ይበቃል። የመጀመሪያው የወፍ ቆሎ ነው፤ አበባው ስለሚያምር በየግቢው ለአጥር ተተክሎ ከዚያ ያመለጠ። ቢቆርጡት ከሥሩ ተጠናክሮ ይመጣል። ስለዚህ አፈሩ በዝናብ ሲላላ፣ ፍሬው ጠቁሮ ወፍ ሳይበላው፣ የሥሩን ራስ ጨምረው በዶማ ይንቀሉት። ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በሚቀጥለው ዝናብ ከአፈሩ ውስጥ ዘር ስለሚበቅል ተመልሰው በእጅ ይልቀሙ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይህ አይቀርም።

ሁለተኛው ፓርቲኒየም የሚባለው ነጭ አበባ ያለው አረም ነው፤ በመንገድ ዳርና በተቆፈረ አፈር ላይ ይፈጥናል። ሳያብብ ይነቀል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፤ ጓንት አድርገው አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ። ለልጆች የዘመቻ ሥራ አድርገው አይስጡት።

ከተነቀለ በኋላ መሬቱ ባዶውን ከቀረ ያው አረም ይመለሳል። በአንድ ጊዜ ሊሸፍኑት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይንቀሉ፣ ወዲያውም ጉዝጓዝ ያልብሱት ወይም ይትከሉበት።

ስለ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ጃካራንዳ ሰው ይጠይቃል። ከውጭ የመጣ ሁሉ ወራሪ አይደለም። የባሕር ዛፍ ማገዶ ባይኖር ኖሮ የቀረው ወይራና ግራር በየትኛው ምድጃ እንደሚያልቅ ግልጽ ነው። ከምንጭ፣ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ግን ይራቅ። በመንገድ ዳር የቆመ ጃካራንዳን አገር በቀል አይደለም ብሎ መቁረጥ ጥላ ማጥፋት ነው፤ ሲያረጅ በሚተካው ያስቡበት።

4. ተክሉን ከቦታው ጋር ማስማማት

ለከተማው ሜዳና ለግቢ ዋንዛ፣ ብሳናና ብርብራ ይሆናሉ። ሦስቱም በሲዳማና በጌዴኦ የቡናና የእንሰት ጓሮ ውስጥ ለጥላ ተብለው የኖሩ ናቸው፤ የጫካው ዛፍ በሳሳበት ዘመን ገበሬው በጓሮው አቆይቷቸዋል። ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም በተፈጥሮ አይበቅልም፤ አጥር ላይ የጠቀስነው ኮርችም፣ ቀይ አበባ የሚያወጣው የደጋና የወይና ደጋው ዝርያ፣ እንዲሁ ነው። ከሥራቸው ግራዋ፣ ዳማከሴና ጌሾ ይግቡ። ዛፍ ብቻውን መኖሪያ አይሆንም፤ ቁጥቋጦ፣ ሐረግና ሣር ሲጨመርበት ነው ወፉና ንቡ የሚገባበት።

ለታቦርና ለአላሙራ ዓይነት ተዳፋት ወይራ፣ ግራር፣ ክትክታና አጋም ይመረጣሉ። ክትክታን ማንም አያከብረውም፤ ነገር ግን የተራቆተ ድንጋያማ ቦታ ላይ ቀድሞ የሚይዝና ለሌላው ጥላ የሚሆን እሱ ነው። ዝግባና ጥቁር እንጨት የወንዶ ገነትን የመሰለ እርጥብ ገደላማ ቦታ ይወዳሉ፤ ግቢ ውስጥ በጥላና በውሃ ሊያድጉ ይችላሉ፣ ደረቅ ተዳፋት ላይ ግን አይሞክሯቸው። ኮሶ የደጋ ነው፤ ለሐዋሳ አይገዛም።

የሐይቁ ዳርቻ ሌላ ሕግ አለው። እዚያ ዋናው ተክል ዛፍ ሳይሆን ፊላና ደንገል ነው። ጎርፉ ያመጣውን ደለል የሚይዙት፣ ቆሮሶ የሚራባበትን ጥግና የውሃ ወፍ ጎጆ የሚሠራበትን ቦታ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሐይቁን «እናጽዳ» ተብሎ ዳርቻው ሲታጨድ ያያሉ፤ ይህ ማጽዳት አይደለም። ፕላስቲኩን ይልቀሙ፣ ፊላውን ይተዉ። ለከብት መኖ ወይም ለምንጣፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ በዓመት ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ፣ ከውሃው በላይ፣ ጎጆ የሌለበትን መርጦ ነው። የጠፋበትን ለመመለስ ከጤናማ ፊላ ላይ ቡቃያ ያለው የአንድ ስንዝር ሥር ቆርጠው በበልግ ጥልቀት በሌለው ጭቃ ውስጥ ይትከሉ፤ ማዕበል እንዳይነቅለው በእንጨት ይደግፉት። የሐይቁ ውሃ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ስለሚል ሾላና ዶቅማ የሚተከሉት ከዚህ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው፣ ውሃ በማይተኛበት ነው። ዳርቻው የሕዝብ ስለሆነ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይያዙ።

5. ዘር

ችግኝ ጣቢያ አገር በቀል ችግኝ አለኝ ሲል ዘሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ከአንድ ዛፍ ሥር በጆንያ የተሰበሰበ ከሆነ ሁሉም ወንድማማች ናቸው፤ አንዱን የገደለው በሽታ ሌላውንም ይገድላል። ራስዎ ሲሰበስቡ ቢያንስ ከ15 እናት ዛፎች ይውሰዱ፤ በዛፎቹ መካከል 100 ሜትር ያህል ርቀት ቢኖር ይመረጣል። ከአንዱ ዛፍ ፍሬ ከአምስት እጅ አንዱን እንጂ ከዚያ በላይ አይንኩ፤ የቀረው የወፍና የጦጣ ድርሻ ነው። ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ፍሬውን ይመልከቱ።

አዘገጃጀቱ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ችግኝ አልበቅል አለ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ዋንዛ፦ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስ ይለቀማል። ውሃ ውስጥ አድሮ የሚያጣብቀው ሥጋው በአሸዋ እየታሸ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል። ሳይታጠብ የተዘራ ይሻግታል። አበቃቀሉ ያልተስተካከለ ነው፤ አንዱ በወር፣ ሌላው በሁለት ወር ይወጣል፣ መደቡን ቶሎ አይገልብጡት።

ብሳና፦ ፍሬው ሳይፈነዳ ይለቀም፣ በጥላ ተዘርግቶም በጨርቅ ይሸፈን፤ ሲፈነዳ ዘሩን ሩቅ ይወረውራል። ሲቆይ ኃይሉን ስለሚያጣ በዚያው ወቅት ይዘራ።

ግራር፦ ዘሩን ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ የሚንሳፈፈው ነቀዝ የበላው ነው፣ ይጣል። የቀረው ላይ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና እስኪነጋ ይተዉት። ድስቱ ከእሳት ወርዶ መሆን አለበት፤ ዘሩ አይቀቀልም። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ፈላ ውሃ ያገኛል።

ወይራ፦ የዘሩ ቅርፊት ድንጋይ ነው። ሥጋው ከታጠበ በኋላ ጫፉን በጉጠት ቀንጠብ ያድርጉ ወይም ውስጡ ሳይደቅ በጥንቃቄ ይስበሩት፣ ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይቆይ። ሳይሰበር የተዘራ ወራት ያስጠብቃል። ዝግባም ቅርፊቱ ካልተነካ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በተጨማሪም ዛፉ ወንድና ሴት ስላለው ፍሬ የሚገኘው ከሴቷ ነው።

ዶቅማና ጥቁር እንጨት፦ እነዚህ ማድረቅ አይወዱም። ታጥበው በቀናት ውስጥ ይዘሩ። በፌስታል አስሮ ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ዘሩን መግደል ነው።

ብርብራ፦ ትልቁን ዘር እንዳለ ይዝሩት፣ ያለ ጣጣ ይበቅላል። ዘሩ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚውል መርዝነት ስላለው ከልጆችና ከውሃ ያርቁት።

ሾላና ዋርካ፦ ከዘር ይልቅ በቁራጭ ይቀላል። የእጅ አውራ ጣት የሚያህል ቀንበጥ በበልግ መግቢያ ይተከላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድን አንድ መንገድ አለ፤ በቡና ጓሮ ሥር በገፍ የሚበቅለውን ወፍ ዘራሽ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማዛወር። ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ከነአፈሩ ይነሣና ሦስት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በላይ ያደገው ዋና ሥሩ ይቆረጣል፣ አይመከርም።

6. ችግኝ ማሳደግ

ለፕላስቲክ ከረጢቱ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። አፈሩን ከጫካ አይዝረፉ። ዳሱ መጀመሪያ ወፈር ያለ ጥላ ይስጥ፤ ከመተከሉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣ፣ ውሃውም ይቀነስ። በጥላ ተንደላቅቆ የወጣ ችግኝ የመጀመሪያዋን ፀሐይ አይችልም። በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቱን ከቦታው አነሣ ያድርጉ፣ ከሥር ወጥቶ መሬት የያዘውን ሥር በመቀስ ይቁረጡ።

7. መትከልና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ በወርድም በጥልቀትም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ተዳፋት ላይ ከጉድጓዱ ታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የአፈር ወይም የድንጋይ ክትር ይሠራል፣ የሚወርደውን ውሃ ለመያዝ። የሚተከለው አፈሩ እስከ አንድ ክንድ ሲርስ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ ተብሎ አይቸኮልም፣ ነሐሴ ካለፈ ደግሞ አይጀመርም። ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ብዙ አይቻለሁ። የላይኛው ለም አፈር ከሥር ይግባ፣ በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጥ።

በሥርዓት በመስመር አይደርድሩት። ሦስት አራት እየሆኑ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ተቀላቅሎ፣ ቀድሞ ባለው ዛፍ ጥላ ዙሪያ ይተከሉ። እንዲህ ሲሆን እርስ በርስ ይከላከላሉ።

ችግኝ የሚሞተው በጥቅምትና በየካቲት መካከል ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሣሩ ከዙሪያው ይነቀል፣ ሥሩ በጉዝጓዝ ይሸፈን፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ምስጥ ይወጣበታል። በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር በየቀኑ ከሚረጭ አንድ ጣሳ ይሻላል፤ ጥልቅ ውሃ ሥሩን ወደ ታች ይስባል። ውሃ ማመላለስ ካስቸገረ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስተው ገልብጠው ሥሩ አጠገብ ይቅበሩት፣ ታቹን ቆርጠው ከላይ ይሙሉት።

በመጋቢት ተመልሰው ይቁጠሩ። ከሞቱት መካከል የትኛው ዝርያ፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ በምን እንደሞተ (ፍየል፣ ድርቀት፣ ምስጥ፣ ሰው) ከመጀመሪያው ዝርዝር ጎን ይጻፉ። አንድ ዝርያ በአንድ ቦታ ከግማሽ በላይ ከሞተ እሱኑ ደግመው አይተኩት፤ እዚያ ቆሞ የቀረውን ወይም በራሱ የበቀለውን ተመልክተው ከሱ ዘር ይውሰዱ። በሁለተኛው በጋ ውሃውን በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉት፣ በሦስተኛው ያቁሙ። አጥሩ ግን ችግኙ ከፍየል አንገት በላይ እስኪያልፍ፣ ግንዱም ከብት ቢታከክበት የማይሰበር እስኪሆን ድረስ አይነሣም።